የጋዝ ማሞቂያ ምድጃና የጭስ ማውጫው
አስመጪውና ባለሱቁ ስለ አተካከሉ ሊያውቁት የሚገባ

በንግድ ዓለም ጉድለታቸው ወዲያው የሚታይ ዕቃዎች አሉ። ጨርቁ የነተበ፣ ስኳሩ የራሰ፣ ብርጭቆው የተሰነጠቀ እንደሆነ ገዥው በዓይኑ አይቶ ይመልሰዋል። በጋዝ የሚሠራ የቤት ማሞቂያ ምድጃ ግን ከእነዚህ ወገን አይደለም። ምድጃው አዲስ ሆኖ፣ ቀለሙ እያብረቀረቀ፣ ሙቀቱም ቤቱን ሞልቶ ሳለ፣ የጭስ ማውጫው በሚገባ ካልተተከለ በአንድ ሌሊት ቤተሰቡን በሙሉ ሊያጠፋ ይችላል። ስለዚህ ይህን ዕቃ የሚያስመጣና የሚሸጥ ነጋዴ የዋጋውንና የማጓጓዣውን ሒሳብ ብቻ ሳይሆን የአተካከሉንም ደንብ ሊያውቅ ይገባዋል።

በማዕከላዊ መሣሪያ ቤቱን በሙሉ የሚያሞቀው ይህ ምድጃ ይልቁንም በሰሜን አሜሪካ የተለመደ ነው። በዋሽንግተን፣ በሚኒሶታና በዴንቨር የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያንም ክረምቱን የሚያሳልፉት በእርሱ ሙቀት ነው። በኢትዮጵያ በመኖሪያ ቤት የሚተከለው ጥቂት ቢሆንም፣ ከእርሱ ጋር አንድ ዘር የሆኑት ዕቃዎች፣ ማለትም በጋዝ የሚሠራ የውሃ ማሞቂያ፣ የክፍል ማሞቂያና የሆቴል ወጥ ቤት ምድጃ፣ በገበያው ላይ ይገኛሉ። የእሳቱ ጠባይ በሁሉም ዘንድ አንድ ስለሆነ፣ ስለ ማሞቂያው ምድጃ የተደነገገውን ያወቀ ነጋዴ ለሌሎቹም ዕውቀት አያንሰውም።

የምድጃው አሠራር

በ1919 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) አሊስ ፓርከር የተባለች የኒው ጀርሲ ነዋሪ ጥቁር አሜሪካዊት በጋዝ ስለሚሠራ የቤት ማሞቂያ የፈጠራ መብት አስመዝግባለች። ከዚያ ወዲህ መሣሪያው በብዙ መንገድ ቢሻሻልም የአሠራሩ መሠረት ግልጽ ነው። ጋዙ በርነር በሚባለው ክፍል ከአየር ጋር ተቀላቅሎ ይነዳል። ትኩሱ ጭስ በተዘጋ የብረት ክፍል ውስጥ ያልፋል። ቬንትሌተሩ የቤቱን አየር በዚያው ብረት ውጫዊ ገጽ ላይ እየነፋ አሙቆ ወደ ክፍሎቹ ይልከዋል። ጭሱም በራሱ ቧንቧ ከቤት ይወጣል።

እንግዲህ በምድጃው ውስጥ ሁለት አየሮች ይጓዛሉ፤ አንደኛው ሰው የሚተነፍሰው፣ ሁለተኛው ከእሳቱ የሚወጣው ጭስ ነው። የአተካከል ደንብ ሁሉ የተሠራው እነዚህ ሁለቱ ፈጽሞ እንዳይገናኙ ነው። ብረቱ ቢሰነጠቅ፣ ቧንቧው ቢላቀቅ፣ ወይም ጭሱ የሚወጣበትን መንገድ አጥቶ ቢመለስ ሁለቱ ይቀላቀላሉ፤ አደጋውም የሚመጣው ያን ጊዜ ነው።

አደጋው ከየት ይመጣል

የተፈጥሮ ጋዝ አብዛኛው ክፍሉ ሚቴን ነው። አንድ ሜትር ኩብ ሚቴን በሚገባ ለመንደድ አሥር ሜትር ኩብ ያህል አየር ይፈልጋል። በቂ አየር ሲያገኝ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድና የውሃ እንፋሎት ነው። አየሩ ሲያንሰው ግን እሳቱ አቃጥሎ ስለማይጨርስ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ መርዝ ይወጣል። ይህ መርዝ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ዓይንንም አያቃጥልም። በሳንባ በኩል ወደ ደም ሲገባ ኦክስጅንን ተሸክሞ ከሚዞረው የደም ክፍል ጋር ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ኃይል ይጣበቃል። ሰውየው እየተነፈሰ ሳለ አካሉ አየር ይራባል።

በኢትዮጵያ ይህ አደጋ አዲስ አይደለም። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል አንድደው ተኝተው ሳይነቁ ስለቀሩ ሰዎች ያልሰማ የለም። የከሰሉም የጋዙም መርዝ አንድ ነው። ልዩነቱ ከሰል በዓይን መታየቱ ነው፤ የጋዝ ምድጃ ግን ንጹሕ መስሎ ስለሚታይ ሰው ይዘናጋል። በአሜሪካ የጤና ባለሥልጣኖች እንደሚገልጹት ከቃጠሎ አደጋ ውጭ በዚህ መርዝ ሳያስቡት የሚሞቱ ሰዎች በዓመት ከ400 ይበልጣሉ፤ ይህም የሚሆነው ደንቡ በተጻፈበትና ባለሙያው በበዛበት አገር ነው።

የመመረዙ ምልክት ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና የጉልበት መክዳት ነው። ብዙዎች ጉንፋን ይመስላቸዋል። የቤቱ ሰዎች በአንድነት ሲታመሙና ከቤት ሲወጡ ሲሻላቸው መጠርጠር ያለበት ምድጃው ነው። ያን ጊዜ ሰዎቹን ወደ ንጹሕ አየር ማውጣት፣ ጋዙን መዝጋትና ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል።

ለእሳቱ የሚያስፈልግ አየር

አየሩን ከሚተከልበት ክፍል የሚስብ ምድጃ ክፍሉ ሊበቃው ይገባል። የአሜሪካ የጋዝ ተከላ ደንብ በተለመደው ስሌቱ ለእያንዳንዱ ኪሎዋት ጉልበት 4.8 ሜትር ኩብ ያህል የክፍል ስፋት ይጠይቃል። እንግዲህ የ20 ኪሎዋት ምድጃ 96 ሜትር ኩብ ያስፈልገዋል። ርዝመቱ 5፣ ወርዱ 4፣ ቁመቱ 3 ሜትር የሆነ ክፍል ግን 60 ሜትር ኩብ ብቻ ስለሆነ አይበቃውም።

ክፍሉ ሲያንስ ሁለት የአየር መግቢያዎች ይከፈታሉ፤ አንዱ ከጣሪያው በታች በ30 ሴንቲሜትር ውስጥ፣ ሁለተኛው ከወለሉ በላይ በ30 ሴንቲሜትር ውስጥ ይሆናል። መግቢያዎቹ ወደ ሌላ የቤት ክፍል የሚከፈቱ እንደሆነ እያንዳንዳቸው ለአንድ ኪሎዋት 22 ሴንቲሜትር ካሬ ያህል ስፋት ይኖራቸዋል፤ በማናቸውም ሁኔታ ከ645 ሴንቲሜትር ካሬ ማነስ የለባቸውም። በቀጥታ ወደ ውጭ የሚከፈቱ ከሆነ ግን ለአንድ ኪሎዋት 5.5 ሴንቲሜትር ካሬ ያህል ይበቃል። እነዚህን መግቢያዎች ብርድ ያስገባሉ ብሎ በጨርቅ ወይም በካርቶን መድፈን ምድጃውን እንደ ማነቅ ይቆጠራል።

አየሩን ከክፍሉ የሚስብ ምድጃ በመኝታ ክፍልና በመታጠቢያ ቤት አይተከልም። ለእነዚህ ቦታዎች የሚፈቀደው አየሩን በቧንቧ ከውጭ የሚያስገባና ጭሱንም በቧንቧ ወደ ውጭ የሚሰድ፣ እሳቱ ከክፍሉ አየር ፈጽሞ የተለየ ዓይነት ነው። በጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ጭስ ማውጫ የሌለው የጋዝ ውሃ ማሞቂያ ሲሰቀል፣ በሩን ዘግቶ የሚታጠበው ሰው አየሩን ከእሳቱ ጋር እየተሻማ መሆኑን ልብ ሊል ይገባል።

የጭስ ማውጫው ደንብ

ጭስ ወደ ላይ የሚወጣው ትኩስ አየር ከቀዝቃዛው ስለሚቀል ነው። ስለዚህ በተለመደው ምድጃ ቧንቧው አጭር፣ ቀጥ ያለና የማይቀዘቅዝ ሊሆን ይገባል። ወደ ጎን የሚሄደው ክፍል በአንድ ሜትር ቢያንስ 2 ሴንቲሜትር ወደ ላይ ማዘንበል አለበት። እያንዳንዱ መጋጠሚያ በብሎን ይታሰራል፤ ቧንቧውም እንዳይወርድ በየቦታው ይደገፋል። ክርን የበዛበት ቧንቧ ጭሱን ያዘገየዋል፤ የዘገየ ጭስ ይቀዘቅዛል፤ የቀዘቀዘ ጭስም ተመልሶ ወደ ቤት ይገባል።

ባለ አንድ ሽፋን የብረት ቧንቧ ከእንጨትና ከሚነድ ነገር ሁሉ 15 ሴንቲሜትር መራቅ አለበት። ባለ ሁለት ሽፋን የሆነው ግን በሽፋኖቹ መካከል ያለው አየር ሙቀቱን ስለሚይዝ 2.5 ሴንቲሜትር ይበቃዋል። በዋጋ ባለ ሁለት ሽፋኑ ይወደዳል፤ ነገር ግን ጭሱን አያቀዘቅዝም፣ ጣሪያውንም ከቃጠሎ ይጠብቃል። በግንብ የተሠራ ጭስ ማውጫ ከጣሪያው በሚወጣበት ቦታ ቢያንስ 90 ሴንቲሜትር ከፍ ማለትና በ3 ሜትር ርቀት ውስጥ ካለው የጣሪያ ክፍል ሁሉ በ60 ሴንቲሜትር መብለጥ አለበት፤ አለዚያ ነፋሱ ጭሱን ወደ ታች ይገፋዋል።

በአዲሱ ዘመን ከጋዙ ጉልበት ከ90 በመቶ በላይ ወደ ሙቀት የሚለውጡ ምድጃዎች ተሠርተዋል። እነዚህ የጭሱን ሙቀት እስከ መጨረሻው ስለሚወስዱ እንፋሎቱ ወደ ውሃ ይለወጣል። አንድ ሜትር ኩብ ጋዝ ሲነድ አንድ ኪሎ ተኩል ያህል ውሃ ይወጣዋል፤ ውሃውም ኮምጣጣ ስለሆነ ተራውን ብረት ይበላል። ስለዚህ የእነዚህ ጭስ በቬንትሌተር እየተገፋ ፋብሪካው በፈቀደው የፕላስቲክ ቧንቧ ይወጣል። ቧንቧውም ውሃው ወደ ምድጃው ተመልሶ እንዲፈስ ወደ ምድጃው ያዘነብላል። ሁለቱን ዓይነቶች ማደባለቅ፣ ማለትም ለተለመደው ምድጃ የፕላስቲክ ቧንቧ ወይም ለአዲሱ ምድጃ የቆየውን የግንብ ጭስ ማውጫ መስጠት፣ ከባድ ስሕተት ነው።

ከዚህ ጋር የተያያዘ ብዙዎች የማያስተውሉት ነገር አለ። ቀድሞ ምድጃውና የውሃ ማሞቂያው በአንድ ትልቅ ጭስ ማውጫ ይጠቀሙ ነበር እንበል። ምድጃው በአዲሱ ዓይነት ሲለወጥ የውሃ ማሞቂያው ለብቻው ይቀራል። የእርሱ ጥቂት ጭስ ሰፊውን ጭስ ማውጫ ማሞቅ ስለማይችል መውጣት ያቅተዋል። ስለዚህ ምድጃ የሚለውጥ ሰው የቀረውንም መሣሪያ የጭስ መንገድ አብሮ ማስተካከል ይኖርበታል።

ተከላው ሲያልቅ የጭሱ መውጣት ይፈተናል። በሮችና መስኮቶች ይዘጋሉ፣ የወጥ ቤትና የመታጠቢያ ቤት ቬንትሌተሮች ይከፈታሉ፣ ምድጃውም ለአምስት ደቂቃ ይነዳል። ከዚያ በኋላ የክብሪት ወይም የሻማ ነበልባል ወደ ምድጃው የጭስ መቀበያ አፍ ሲቀርብ ወደ ውስጥ ከተሳበ ጭሱ እየወጣ ነው፤ ወደ ውጭ ከተገፋ ግን ጭሱ ወደ ቤት እየተመለሰ ስለሆነ ምድጃው ወዲያው ይጠፋል። ይህ ፈተና የሚደረገው ጋዝ እንደማያፈስ አስቀድሞ ከተረጋገጠ በኋላ ብቻ ነው።

ጋዙ ሲያፈስ

በመጋቢት 1937 በአሜሪካ ቴክሳስ ኒው ለንደን በተባለች ከተማ ከአንድ ትምህርት ቤት ወለል በታች የተጠራቀመ ጋዝ ፈንድቶ 290 ያህል ሰዎች አለቁ፤ አብዛኞቹም ሕፃናት ነበሩ። ጋዙ ሽታ ስላልነበረው ማንም አላወቀም። ከዚያ ወዲህ ነው መጥፎ ሽታ ያለው ቅመም ወደ ጋዝ እንዲጨመር በሕግ የታዘዘው። ዛሬ በየቤቱ የሚሸተው የጋዝ ሽታ የእነዚያ ሕፃናት ሞት ያስተማረው ጥበቃ ነው።

የተፈጥሮ ጋዝ ከአየር ስለሚቀል ወደ ላይ ይወጣል። በሲሊንደር የሚሸጠው ቡታጋዝ ግን ከአየር ስለሚከብድ በወለል ላይ ይተኛል፤ ወደ ጉድጓድና ወደ ምድር ቤትም ይወርዳል። ስለዚህ የቡታጋዝ ሲሊንደር በምድር ቤት አይቀመጥም። የማፍሰሱ ፈተና የሚደረገው በሳሙና ውሃ ነው፤ አረፋ ከተነሣ ጋዝ ያፈስሳል። በክብሪት መፈተን ራስን ለሞት መስጠት ነው። ሽታ ሲሸትም የኤሌክትሪክ ማብሪያ ማጥፊያ መንካት ብልጭታ ስለሚያመጣ አይገባም።

የጋዙ ዓይነትና የአገሩ ከፍታ

አስመጪው ከሁሉ አስቀድሞ ሊያስተውለው የሚገባ ሁለት ነገር አለ። የመጀመሪያው የጋዙ ዓይነት ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ ብዙ ምድጃዎች የሚሠሩት በቧንቧ ለሚመጣ የተፈጥሮ ጋዝ ነው። የኢትዮጵያ ቤቶች የሚጠቀሙት ግን በሲሊንደር የሚሸጠውን ነው። በሲሊንደር ከሚሸጠው አንዱ የሆነው ፕሮፔን በአንድ ዓይነት መጠን ሲለካ ከተፈጥሮ ጋዝ ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ሙቀት አለው። ስለዚህ ለተፈጥሮ ጋዝ የተሠራ ሰፊ ቀዳዳ ያለው ምድጃ ሳይለወጥ ከሲሊንደር ጋር ቢያያዝ ነበልባሉ ከልክ ያልፋል፣ አየሩ አይበቃውም፣ ጥላሸትና መርዝም ይወጣዋል። የጋዝ ማውጫው ኖዝልና ሬጉሌተሩ ፋብሪካው ባዘጋጀው መለወጫ መለወጥ አለባቸው። ያገለገለ ዕቃ ከውጭ የሚያስመጣ ነጋዴ ይህን በተለይ ይመርምር።

ሁለተኛው ከፍታ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,355 ሜትር ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል። ይህም ማለት በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን በዚያው ልክ ይቀንሳል ማለት ነው። የአሜሪካ ደንብ ከ2,000 ጫማ በላይ ለሚተከሉ ምድጃዎች፣ ፋብሪካው ሌላ መመሪያ ካልሰጠ በቀር፣ ከባሕር ጠለል ጀምሮ በየ1,000 ጫማው ጉልበቱ በ4 በመቶ እንዲቀነስ ያዝዛል። የአዲስ አበባ ከፍታ 7,700 ጫማ ያህል ስለሆነ ቅናሹ ወደ 31 በመቶ ይደርሳል፤ ባለ 24 ኪሎዋት መሣሪያ በአዲስ አበባ ከ17 ኪሎዋት በታች ይሆናል። በ1,200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ በምትገኘው በድሬዳዋ ግን ቅናሹ 16 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። እንግዲህ አንዱን ዕቃ በሁለቱ ከተሞች በአንድ ቃል መሸጥ አይቻልም። ጉልበቱ አነሰ ብሎ የሚያማርር ደንበኛን ለማስደሰት ቀዳዳውን ማስፋት ደግሞ መርዙን መጋበዝ ነው፤ መፍትሔው አስቀድሞ ከፍ ያለ ጉልበት ያለውን መሣሪያ ማዘዝ ነው።

ነጋዴው ሊፈጽማቸው የሚገቡ

1ኛ/ ትእዛዝ ሲጽፍ የጋዙን ዓይነት፣ የጋዙን ግፊትና የሚተከልበትን ከተማ ከፍታ ለፋብሪካው ያስታውቅ።

2ኛ/ ዕቃው ሲደርስ በላዩ የተለጠፈውን ምልክት ከትእዛዙ ጋር ያመሳክር። ምልክት የሌለውን ወይም የተፋቀበትን አይረከብ።

3ኛ/ ምድጃውን ከነጭስ ማውጫው፣ ከነክርኑና ከነቆቡ አብሮ ያስመጣ። ቧንቧ ያላገኘ ገዥ በእጁ ባገኘው ቆርቆሮ መጠቀሙ አይቀርም።

4ኛ/ የአተካከሉን መመሪያ ገዥውና ተካዩ በሚያነቡት ቋንቋ አስተርጉሞ ይስጥ።

5ኛ/ ተከላው በሠለጠነ ባለሙያ እንዲሆን፣ በዓመት አንድ ጊዜም በርነሩ፣ የብረቱ ክፍልና ጭስ ማውጫው እንዲመረመር ለገዥው ይንገር። ጤናማ ነበልባል ሰማያዊ ነው፤ ብጫ ሆኖ ከሰነበተና ጥላሸት ከታየ ምድጃው እስኪመረመር ድረስ ይጥፋ።

6ኛ/ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ደወል ከምድጃው ጋር ያቅርብ። በአሜሪካ መለኪያ መሠረት የተሠራ ደወል በአንድ ሚሊዮን የአየር ክፍል ውስጥ 70 የመርዝ ክፍል ሲኖር ከ1 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ፣ 400 ሲደርስ ደግሞ ከ4 እስከ 15 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ይጮኻል። ደወሉ ዘመኑ ሲያልፍ ስለማይሠራ ባለሱቁ የተሠራበትን ዓመት ተመልክቶ ይሽጥ።

7ኛ/ የገዥውን ስምና የተሸጠውን ዕቃ ቁጥር በመዝገብ ይያዝ። ፋብሪካው ጉድለት አግኝቶ ዕቃውን መልሱ ሲል ገዥውን ማግኘት የሚቻለው በዚህ ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ ወጪ እንደሚጨምር የታወቀ ነው። ቧንቧውንና ደወሉን ጨምሮ የሚሸጥ ነጋዴ ምድጃውን ብቻ ከሚሸጠው ጎረቤቱ ዋጋው ከፍ ይላል፤ አንዳንዱ ደንበኛም ርካሹን ብሎ ይሄድበት ይሆናል። ነገር ግን የጋዝ ዕቃ ንግድ በእምነት የቆመ ነው። በአንድ ቤት የደረሰ አደጋ በሰፈሩ ሲሰማ የሚጠላው ያ አንድ ምድጃ ብቻ አይሆንም፤ በየሱቁ የተደረደረው ሁሉ ነው። ሙቀት የሚሸጥ ነጋዴ ለጭሱም መውጫ ካላዘጋጀለት ዕቃውን ጎዶሎ አድርጎ እንደሸጠ ሊቆጠር ይገባል።